ቢጫው ገበር

ወደ ቤተ መንግሥቱ ከመሄዳችን በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። እናቴ መነጽሯን ካደረገች መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። የጠብታ መድኃኒቷ ብልቃጥ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳትደናቀፍ ታነባለች። ከማዶው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ አንሶላ የት ጋ እንደተቀደደ በመስኮት አሻግራ ታይና፣ "ይቺ ሴትዮ ቤቷ መርፌ የሚባል ነገር የለም እንዴ?" ትላለች። በዚያው ሰሞን ደግሞ ክፍቱን የተተወ የቁም ሣጥን በር ግንባሯን ይመታታል። ብርጭቆዋን ጠረጴዛው መሀል ለመሀል እንጂ ጠርዝ ላይ አታስቀምጥም። ደረጃ ወርዳ ስትጨርስ ወለሉን በእግሯ ጫፍ ትነካካለች። ቅልጥሟ ላይ የበለዘ ቦታ አይጠፋም። ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ "ቤቱ ጠበበ፤ ዕቃ አበዛሽ" ትለኛለች።

ዕቃ አላበዛሁም። ቤታችን ሁለት መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ነው፤ የአባቴ ወንበር ከወጣ ወዲህ የገባ ነገር የለም።

ሥራዬ የሰው እይታ ምን ያህል እንደሚሰፋ መለካት ነው። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ውስጥ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ ከአንድ አሮጌ መሣሪያ ጋር እውላለሁ። መሣሪያው ትልቅ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። ታካሚው አገጩን ማስደገፊያው ላይ ያደርጋል፤ አንድ ዓይኑን እሸፍንለታለሁ፤ በሌላው መሀል ላይ ያለችውን ነጥብ ትኩር ብሎ ያያል። ከዚያ በሳህኑ ውስጥ ትናንሽ መብራቶች አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ብልጭ ይላሉ። ያየውን ባየ ቁጥር በእጁ የያዘውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ይጫናል። ያላየውን አይጫንም። ከዚያ የሚያየው ቦታ ነጭ፣ የማያየው ጥቁር ሆኖ በወረቀት ይወጣል።

የእኛ መሣሪያ ዕድሜው ስለገፋ አንድ አመል አለው። መብራቱን ከማውጣቱ በፊት ጠቅ ይላል። አዲስ ለሚመጡ ተለማማጆች መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። አንዳንድ ታካሚ መብራቱን ሳይሆን ድምፁን እየተከተለ ይጫናል፤ ስለዚህ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን አውራ ጣቱንም ተከታተሉ እላቸዋለሁ።

የእናቴ በሽታ ግላኮማ ነው። የዓይንን ነርቭ ቀስ እያለ ይበላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዳር ነው፤ መሀሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ሕመም የለውም። ሰውየው መሀሉን እስካየ ድረስ ሁሉንም የሚያይ ይመስለዋል፤ አጠገቡ ላለውም ሰው እንዲሁ። በየስድስት ወሩ የምለካት እኔ ነበርኩ። የሥራ ባልደረባዬ ልለካት ብትል እናቴ አሻፈረኝ አለች።

"እዚያ ሳህን ውስጥ ጭንቅላቴን የምከተው ለልጄ ብቻ ነው" አለቻት። "ወጥ መስዬሽ ክዳን ብትደፊብኝስ?"

አምስት ጊዜ ለካኋት፤ በመጀመሪያው ቀን መለማመጃ ነው ብዬ ከጣልኩት በቀር አምስቱም ጊዜ ወረቀቱ ያው ነበር። ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ፣ ሰፊው መሀል ነጭ። ሐኪሟ የዓይኗን ነርቭ በራሱ መሣሪያ አየና ወረቀቱን አንስቶ ደግሞ አየ።

"እነዚህ ሁለቱ አልተስማሙልኝም" አለ። "ከሁለት አንዳቸው ይዋሻሉ።"

"ወረቀቱን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

"እንግዲያው ነርቩ ነዋ የሚዋሸው" ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እናቴ ከሁለታችንም በላይ ሳቀች።

አሁን ስለ መጋረጃው ልናገር። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ወጣት ሳለች የምትሠራበት የስፌት ቤት ከቤተ መንግሥቱ ሥራ መጣለት፤ የዙፋኑ አዳራሽ መጋረጃዎች አርጅተው ኖሮ በአዲስ ሊተኩ ነው። ጨርቁ ቀይ ከፋይ ሲሆን በመስኮቱ በኩል የሚውለው ጀርባው በቢጫ ሐር መሰል ገበር የሚሸፈን ነው። ገበሩን በእጅ የሰፉት ሦስት ሴቶች ሲሆኑ አንዷ እናቴ ናት። ድርሻዋ የመካከለኛው መስኮት መጋረጃ ነበር። የፊቱን ጠርዝ ስትጨርስ ቀዩ ክር አለቀባት፤ የተላከው አዲስ ክር ደግሞ ትንሽ ጠቆር ያለ ነበር። ስለዚህ ከታች በግራ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ስንዝር የምታህል ቦታ ክሯ ይለያል። የስፌት ቤቱን ባለቤት ልፍታው ወይ ብላ ጠይቃው ነበር።

"ተይው" አላት። "እዚያ ድረስ የሚያጎነብስ ሰው ለንጉሥ የሚሰግድ ብቻ ነው። የሚሰግድ ሰው ደግሞ ስፌት አይመረምርም።"

መጋረጃው የተሰቀለ ዕለት ሠራተኞቹ ሁሉ መጥተው እንዲያዩ ተጠርተው ነበር። እናቴ ግን ምጥ ላይ ነበረች። "እነሱ መጋረጃ ሰቀሉ፣ እኔ አንቺን ወለድሁ" ትለኝ ነበር። "ከሁለታችን ማን እንደተሸወደ እስካሁን አልታወቀም።" ከዚያ ቤተ መንግሥቱ ለብዙ ዓመት ለሕዝብ ዝግ ሆነ። ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት ደግሞ የአባቴ ሕመም ነበር፤ ከዚያም እንዲሁ ዛሬ ነገ እያልን ቆየን። የከተማው ሰው ቤተ መንግሥቱን የሚጎበኘው እንግዳ ሲመጣበት ነው፤ እኛ ዘንድ እንግዳ አይመጣም። እናቴ ግን አልረሳችውም። ያቺን ስንዝር ክር ሳላይ ዓይኔ እንዳይጠፋ ትል ነበር፤ በሽታው ከታወቀ ወዲህ ደግሞ አዘውትራ ትለዋለች።

የዙፋኑ አዳራሽ ለእድሳት ሊዘጋ ነው የሚለውን ወሬ በሬዲዮ የሰማነው አብረን ነው። ከዓመት በላይ ይወስዳል አሉ።

"ሳይዘጋ ፈቃድ ልጠይቅና እንሂድ" አልኳት።

"ምን አስቸኮለሽ? እድሳቱ ያልቃል። ዓይኔም የትም አይሄድም፤ አንቺው ለክተሽው የለ?"

ወረቀቱን አሰብኩ። እስከዚያ በለካኋት ሦስት ጊዜ ያው ነው። እሺ አልኩ።

አዳራሹ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰው ይቀንሳል ብለን በሥራ ቀን ሄድን። እናቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና በፔርሙዝ ሻይ ይዘናል። ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚገባው በመናፈሻው በኩል ነው። መናፈሻው በአንድ ንጉሠ ነገሥት ዘመን የተተከለ ነው ይላል በሩ ላይ ያለው ድንጋይ። ከበሩ እስከ ቤተ መንግሥቱ ደረጃ አንድ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ የጠጠር መንገድ አለ፤ በግራና በቀኙ እንደ ግድግዳ የተከረከሙ ዛፎች፤ መግቢያው አካባቢ ክብ የውሃ ገንዳ። ከገንዳው አለፍ ብሎ በመንገዱ ዳር ንጉሠ ነገሥቱ ፈረስ ላይ ተቀምጠው፣ ከነፈረሳቸው በነሐስ።

እናቴ ሐውልቱ ሥር ደርሳ ቀና አለች። ጭንቅላቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች አዞረች።

"ምነው?" አልኳት።

"ንጉሡን ፈልጌ ፈረሱን አገኘሁ። ኮቴ፣ ሆድ፣ ልጓም… ሰውየው የታለ?"

"ከላይ ነዋ እማዬ።"

"እህ፣ አገኘኋቸው። አፍንጫቸው ላይ ወፍ ቆሟል።"

ቀና ብዬ አየሁ። እውነት ነው፣ ወፍ ቆሟል። ስቄ አለፍኩ። ያን ጊዜ ማሰብ የነበረብኝ፣ አንድ ሰው አምስት ሜትር ከፍታ ያለውን ነገር ሥሩ ቆሞ ሲፈልገው ምን እየሆነ እንደሆነ ነው። ታካሚ ቢሆን ኖሮ አስብ ነበር።

የቤተ መንግሥቱ የውስጥ ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚገቡ ናቸው። የእቴጌዋ የመልበሻ ክፍል፣ የመጻሕፍት ክፍል፣ ረጅም የግብር ጠረጴዛ ያለበት አዳራሽ። እናቴ ክንዴን ይዛ በየክፍሉ አንድ አንድ ነገር ትመርጥና እሱን ብቻ አትኩራ ታያለች፤ የበር እጀታ፣ የወንበር እግር፣ የጠረጴዛ ልብስ ጥግ። አንዲት አስጎብኚ ከፊታችን ቡድን እየመራች ነበር፤ ድምፅዋ ክፍሉን ይሞላዋል።

"በዚህ ወንበር ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ሰው ተቀምጦ አያውቅም!" አለች።

"የወንበሩን ጨርቅ የቀየረው ሰውዬ ሳይቀመጥበት የሚቀር ይመስላታል" አለችኝ እናቴ በጆሮዬ። "ሞኝ ናት፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ ነበር የምቀመጠው።"

የዙፋኑ አዳራሽ በር ላይ አንድ ጡረታ የደረሰ የሚመስል ጠባቂ ቆሟል። አዳራሹ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው እንዳይገባ በእጁ የያዛትን ትንሽ የመቁጠሪያ መሣሪያ እየተጫነ ሰው ይቆጥራል። አንድ ሰው ሲገባ ጠቅ፤ ሌላው ሲገባ ጠቅ።

"እማማ፣ ቀስ ብለው፤ መድረኩ ከፍ ይላል" አላት። ጠቅ። እኔ ስገባ ጠቅ።

ከእድሳቱ በኋላ አዳራሹ ብሩህ ሆኗል። ሦስት ትልልቅ መስኮቶች ወደ መናፈሻው ይመለከታሉ፤ በእያንዳንዳቸው ግራና ቀኝ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ቀይ ከፋይ ተሰቅሏል። መሀል ላይ ዙፋኑ፣ ከጎኑ ሁለት ቀይ ትራስ ያላቸው ወንበሮች። መጋረጃው አልተቀየረም። አስጎብኚዋ ስትናገር ሰማሁ፤ አቧራው ተራግፎ እንደነበረ ተመልሶ ተሰቅሏል። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ጎብኚው ከመስኮቶቹ አራት ሜትር ያህል ርቆ በገመድ ተከልክሏል። መካከለኛው መስኮት ፊት ለፊት ገመዱ ጋ አቆምኳት።

"ይኸው እማዬ። ደረስን። ከታች፣ በግራ በኩል፣ ጥጉ ጋ።"

እኔ ከቆምሁበት የክሩን ልዩነት ማየት አልቻልኩም፤ ይህ አያስገርምም። እሷ ግን የራሷን እጅ ሥራ ከሩቅ ትለያለች ብዬ አምኛለሁ። ጭንቅላቷ ዝቅ አለ፤ ወደ ግራ ሄደ፤ ቆመ።

"አየሽው?"

"አየሁት" አለች ወዲያው። "እንዴት ያምራል!"

ዓይኗን አየሁ። ይህ ሥራዬ ነው፤ ሰው ወዴት እንደሚያይ ከጥቁሩ የዓይን ክፍል አቀማመጥ አውቃለሁ። እናቴ የምታየው መጋረጃውን አልነበረም። የምታየው ከዙፋኑ በግራ በኩል ያለውን የወንበር ትራስ ነው። ቀይ ነው፤ ጠርዝ አለው።

"እማዬ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ራቅ ወዳለው።"

"አየሁት አልኩሽ እኮ። ክሩ ጠቆር ብሏል፤ ልክ እንዳልኩሽ።"

በሩ ላይ ሰዎች እየገቡ ነበር። ጠቅ አለ። ቦርሳዋን ወደያዘው እጇ ያየሁት ያኔ ነው። አውራ ጣቷ የቦርሳውን ማንጠልጠያ ጫን አደረገች። ጠቅ። ጣቷ እንደገና ጫን አደረገች። ሁለት ሰዎች ተከታትለው ገቡ፤ ጣቷ ሁለቴ ተጫነች። ፊቷ ወደ ወንበሩ ነው፤ ፈገግታ አለው። እጇ የሚያደርገውን አታውቅም። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ድምፅ እየሰማች እግርና እጇን ያስማማች ሴት ናት፤ ድምፅ ሲሰማት ጣቷ ራሷ ትሄዳለች።

አምስት ወረቀቶች ፊቴ ላይ ተደቀኑ። መሀላቸው ሰፊና ነጭ።

"ቆይታችሁ አበቃ፣ ሌሎች ይጠብቃሉ!" አለ ጠባቂው በትሕትና። "እማማ፣ በዚህ በኩል ነው መውጫው።"

መውጫው በስተቀኟ ነበር። ጠባቂው እጁን ዘርግቶ ያሳያታል፤ እሷ የተዘረጋውን እጅ አላየችውም፤ ደረቷ ነካው። "ይቅርታ ልጄ" አለችው ለሽማግሌው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከዛፎቹ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሻይ ቀዳሁላት። እንቁላሉን ልጬ በእጇ ሰጠኋት። ከዚያ ፊት ለፊቷ፣ አንድ ሜትር ያህል ርቄ፣ ጠጠሩ ላይ ቁጢጥ አልኩ።

"አፍንጫዬን እዪ። ከአፍንጫዬ ላይ ዓይንሽን አታንሺ።"

"ሥራ ላይ አይደለሽም እኮ ዛሬ።"

"በሞቴ። ጣቴ ሲንቀሳቀስ ስታዪ ንገሪኝ።"

እጄን በጎን ዘርግቼ ጣቴን እያወዛወዝኩ ቀስ ብዬ ወደ መሀል አመጣሁት። ጣት ድምፅ የለውም። ከትከሻዬ ባሻገር፣ ዝም። ትከሻዬ ጋ፣ ዝም። ጆሮዬ ጋ፣ ዝም። ጉንጬን አልፎ አፍንጫዬ አጠገብ ሲደርስ፣ "እ፣ አሁን" አለች። በሌላኛው ጎን ሞከርኩ። ያው ነው። ከላይም ከታችም ያው ነው። ግራ ዓይኗን ብቻ ከፍቼ ስሞክር ጣቴ አፍንጫዬን ነክቶ እንኳ ምንም አላለችም።

እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ። በእጇ የያዘችው እንቁላል አልተነከሰም።

"መቼ ጀምሮ ነው በድምፁ የምትጫኚው?"

"የትኛውን ድምፅ?"

"እማዬ።"

ተነፈሰች። "ከመጀመሪያውም ነው። በመጀመሪያው ቀን ብዙ መብራት አመለጠኝ መሰለኝ፤ አንቺ ወረቀቱን እያየሽ ከንፈርሽን ነከስሽ። ያ መኪናሽ ደግሞ ጠቅ ይላል። ጠቅ ሲል መብራት አለ ማለት ነው፤ አለ ከተባለ ባላየውም አለ። ተጫንኩልሽ። እንደገና እንሞክር ብለሽ ሁለተኛ ስናደርገው ፊትሽ በራ። 'ጎበዝ፣ እማዬ!' አልሽኝ።"

"እኔ ደስ እንዲለኝ ብለሽ?"

"አባትሽ ከሞተ ስንት ወሩ ነበር ያኔ? ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም ነበር።" ሻይዋን በጥንቃቄ፣ በጣቷ መሬቱን ዳስሳ፣ እግሯ ሥር አስቀመጠች። "ከዚያ በኋላማ ለመድሁት። ዋሽቼ ዋሽቼ እኔም አመንኩት፤ ወረቀቱ ደህና ነው ካለ ደህና ነኝ እላለሁ። በሩ ሲመታኝ በሩን እሰድባለሁ።"

"ሐኪሙ መድኃኒት ይቀይር ነበር እኮ። ቀዶ ጥገናም አለ። አዳራሹ ሳይዘጋም…"

"አውቃለሁ። አትቁጪኝ።"

"አልተቆጣሁም።"

"ተቆጥተሻል፤ ድምፅሽ ይሰማኛል። ጆሮዬ ደህና ነው፤ አየሽ አይደል ያመጣብኝን።"

ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እኔ መሳቄን መቀጠል አልቻልኩም። ፀጉሬን ፈልጋ አገኘችው፤ እጇን እዚያ ላይ አሳረፈች።

"ክሯን አላየኋትም" አለች ቀስ ብላ። "ሁሉም ቀይ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ያ ሰውዬ ደግሞ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ ቸኮልኩ።"

ለታካሚዎች የምናገረውን ነገር ነገርኳት። እይታቸው ለጠበበ ሰዎች የማስረዳው እጄን እንደ ቱቦ ጠቅልዬ ዓይኔ ላይ በማድረግ ነው። በቱቦ ውስጥ የሚያይ ሰው ለነገሩ በቀረበ መጠን የሚያየው ያንሳል፤ በራቀ መጠን ብዙ ይገባለታል። አጠገቡ የቆመ ፈረስ ኮቴ ብቻ ነው፤ ከሩቅ ግን ፈረሱም ጋላቢውም አብረው ይታያሉ።

"እንግዲያው ወደ ኋላ እንሂዳ" አለች። ተነሣች።

በጠጠሩ መንገድ ላይ፣ ጀርባችንን ለቤተ መንግሥቱ ሰጥተን ወደ ገንዳው ተመለስን። ክንዴን ይዛለች፤ በእያንዳንዱ ዛፍ ጥላ ውስጥ ስንገባ እርምጃዋ ያጥራል። ገንዳው ጋ ስንደርስ አዞርኳት። ከዚያ ሆኖ ቤተ መንግሥቱ ትንሽ ነው፤ ደረጃው፣ በሩ፣ ከበሩ በላይ ሦስቱ የአዳራሹ መስኮቶች። ፀሐይ በመስኮቶቹ ላይ ነበረች።

ጭንቅላቷ አልዞረም። መፈለጓን አቆመች። ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ጸና።

"ውይ" አለች። "ሙሉውን ነው እኮ የማየው።"

አላመንኳትም፤ ከእንግዲህ ጠይቄ ሳላረጋግጥ ማመን አልችልም። "ምን ምን ታያለሽ?"

"በሩን። በላዩ ሦስት መስኮት። መጋረጃው ግራና ቀኝ ተሰብስቦ ታስሯል። ቢጫ ቢጫው ነው የሚታየኝ፤ ገበሩ ነው። የዳር ዳሮቹ እኩል ታስረዋል። የመሀለኛው ግን የቀኙ ማሰሪያ ከግራው ዝቅ ብሏል። ማን ነው እንደዚህ አድርጎ ያሰረው? ዓይን የለውም?"

ዓይኔን አጥብቤ አየሁ። የቀኙ ማሰሪያ በእርግጥ ዝቅ ብሏል። አዳራሹ ውስጥ ሆኜ አላስተዋልኩትም ነበር።

"ቢጫውን የሰፋሁት እኔ ነኝ" አለች። "ቀዩን ሰው ሁሉ ያየዋል ተብሎ አለቃችን ከላያችን ላይ አይነሣም ነበር። ገበሩን ግን ማን ያየዋል ብሎ ለኛ ተወልን። የኔን ነገር፤ እሱን ነው ያየሁት።" ረጅም ጊዜ ቆማ አየች። ዓይኗ እንባ ሲያዘንብ በመሐረቧ ፈጥና ትጠርገዋለች፤ እንባው የምታይበትን ቦታ እንዳይሸፍንባት ነው የምትቸኩለው።

ከዚያ ክንዴን ለቀቀች።

"አሁን አንቺ ሂጂ።"

"ወዴት?"

"ወደዚያ። ወደ ፊት። ልይሽ።"

ጥቂት ሄጄ ዞርኩ።

"ጨምሪ! አንገትሽ ነው የሚታየኝ።"

ጨመርኩ።

"ጨምሪ! አሁን ወገብሽ ድረስ ነው።"

እየተራመድኩ እሷን እንዳላጣ ወደ ኋላዬ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ባልና ሚስት ጎብኚዎች ፎቶ የምታነሣኝ መስሏቸው ከመንገዱ ገለል አሉልን። በመጨረሻ እጇን አነሣች።

"እዚያ ጋ! እዚያው ቁሚ፣ እንዳትነቃነቂ!"

ቆምኩ። ከገንዳው ዳር ሰማያዊ ቀሚሷ ይታየኛል፤ ቦርሳዋ፤ ወደ ፊት የዘረጋችው አንገቷ። ልጅ ሳለሁ ቀሚስ ለክታልኝ ስትጨርስ ራቅ ብዬ እንድቆም ታደርገኝ ነበር፤ ልክ እንደዚያ ቆምኩ።

"ከስተሻል!" ብላ ጮኸች። ሰው ዞሮ አየን።

"እሺ!"

"ሽበት አለሽ እንዴ? በግራ በኩል!"

"አለኝ እማዬ፣ ቆየ!"

"ጫማሽን አላውቀውም። ከየት አመጣሽው?"

ጫማው ሁለት ዓመት አልፎታል። በየቀኑ ከቤት ስወጣ በፊቷ የማደርገው ነው።

"ቤት ውስጥ ስታወሪኝ" አለች፤ አሁን ድምፅዋ አልጮኸም፤ ለመስማት መተንፈሴን አቆምኩ፤ "አፍሽን ነው የማየው። ዓይንሽን ልይ ብዬ ቀና ስል አፍሽ ይጠፋኛል። ምን እያልሽ እንደሆነና ምን እንደከፋሽ አንድ ላይ አይቼ አላውቅም፤ ስንት ጊዜ ሆነው። ቆይ፣ ገና ነኝ። እንዳትመጪ።"

አልመጣሁም። የመናፈሻው ጠባቂ ፊሽካ ነፍቶ የመዝጊያ ሰዓት መድረሱን እስኪናገር ድረስ በዚያው ቆምኩ። ወደ እሷ ስመለስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከዓይኗ ውስጥ የምጎድለው ነገር እንዳለ አውቄ ነው የተራመድኩት፤ መጀመሪያ ጫማዬ፣ ቀጥሎ ቀሚሴ፣ ከዚያ ትከሻዬ። አጠገቧ ስደርስ ክንዴን ዳስሳ ያዘች።

"ደግ ሰው መስለሻል" አለች። "አባትሽን መስለሻል።"

በማግስቱ ጧት ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። አልሳቀም። መድኃኒቱን ለወጠ፤ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ለማቆየት ግን እንደሚሞከር ነገራት። ሐሙስ ዕለት በዚያችው መስኮት በሌላት ክፍል ለካኋት። በጆሮዎቿ ጥጥ ከተትኩ፤ በላዩ የመሥሪያ ቤቱን ማዳመጫ ደረብኩ። "አሁን ደግሞ ደንቆሮም አደረግሽኝ" አለች፤ ከዚያ አገጯን አስደገፈች። አውራ ጣቷን ተከታተልኩ። ብዙውን ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም።

የግራ ዓይን፣ ምንም። የቀኝ ዓይን፣ ከዳር እስከ ዳር አምስት ዲግሪ። በአምስት ዲግሪ ውስጥ የእኔን ያህል ቁመት ያለው ሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ የሚገባው ከአሥራ ዘጠኝ ሜትር ርቀት ላይ ሲቆም ነው። ሳሎናችንን በሜትር ለካሁት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አራት ሜትር ከሃያ ነው።